ጆሮ የሌለው እንግሊዝኛ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የእህቴ ልጅ የምትኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ የእኛ ሰው በሚበዛባት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አሜሪካ በገባች በአራተኛው ወር አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ ቤት ሥራ አገኘች። ሥራዋ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። ልጅቱን እንግሊዝኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዘመዴ ስለሆነች አይደለም የምለው፤ ሰዋስው ላይ የሚስተካከላት ተማሪ አልነበረም። «ፓሲቭ ቮይስ»ን ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት እንኳ ሳትሳሳት ትመልሳለች።

ሥራ በጀመረች በሳምንቱ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሽማግሌ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «አይ ጋታ ጎ» አሏት። ከሦስቱ ቃላት የያዘችው የመጨረሻዋን «ጎ»ን ብቻ ነው። «ጎ» መሄድ ነው፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ስለዚህ ሽማግሌው ወደ ቤቴ ልሂድ ያሉ መሰላት። ካፖርታቸውን ከመስቀያው አውርዳ አመጣችላቸው። ልጆችዎ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ አይዘኑ ብላም እንከን በማይወጣለት እንግሊዝኛ አጽናናቻቸው። ሰውየው ያንኑ ቃል ደጋገሙት። እሷም ካፖርቱን ልታለብሳቸው እጃቸውን ያዘች። ለካስ ሽማግሌው ያሉት «ሽንቴ መጣ» ኖሯል። ካፖርቱን እንደያዘች እዚያው አልጋው ላይ አመለጣቸው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ የልጅ ልጃቸው በምትሆን ሴት ፊት ሰውየው አለቀሱ። እሷም አለቀሰች። አለቃዋ መጥታ የጠየቀቻት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ለመሆኑ እንግሊዝኛ ትችያለሽ?»

ያን ዕለት ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ» አለችኝ፣ «እርስዎ ያስተማሩኝ እንግሊዝኛ እዚህ አገር የለም።»

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በእነዚያ ዓመታት «ጎና» እና «ዋና» የሚሉ ቃላትን ከስንት ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንደሰረዝኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ስለዚህ ዛሬ ክስ ላቀርብ ስነሳ የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔው ነኝ። ሁለተኛዎቹ ተከሳሾች እንደ እኔ ቀይ እስክሪብቶ የጨበጡ የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። ክሱም ይህ ነው፦ ለልጆቻችን ዓይን ያለው፣ እጅ ያለው፣ ጆሮ ግን የሌለው እንግሊዝኛ ሰጠናቸው። ስንጠየቅም ጥፋቱን በተናጋሪዎቹ ላይ ላከክን።

ነገሩ ግራ ለገባው አንባቢ ላስረዳ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በወረቀት ላይ «አይ አም ጎዊንግ ቱ» ብሎ የሚጽፈውን ባፉ ሲናገረው «አይም ጎና» ይለዋል። «ዋንት ቱ» የነበረው «ዋና» ይሆናል። «ጋት ቱ» «ጋታ»፣ «ሌት ሚ» «ለሚ»፣ «ጊቭ ሚ» «ጊሚ»፣ «ዶንት ኖው» «ደኖ» ይሆናሉ። ለንደን ላይ «ኢዝንት ኢት» የሚለው «ኢኒት» ሆኗል። አሜሪካዊው ምሳ በልተህ እንደሆነ ሲጠይቅህ «ዲድ ዩ ኢት?» ከሚሉት ሦስት ቃላት «ጂት?» የምትል አንዲት ድምፅ ብቻ ልትተርፍ ትችላለች። ቶሎ ቶሎ ሲሉት ደግሞ «ጎና» የእኛን «ገና» ይመስላል። አንድ ጊዜ ፊልም አይቶ የመጣ ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ ፈረንጆቹ በየደቂቃው ስለ ገና በዓል የሚያወሩት ለምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያም «እሱ የመንገድ እንግሊዝኛ ነው፤ አንተን አይመለከትህም» ብዬ አስቀመጥኩት። አሁን ሳስበው፣ ልጁ የሰማውን በትክክል ነበር የሰማው። የሳትኩት እኔ ነኝ።

«የመንገድ እንግሊዝኛ» ማለት ምን ማለት ነው? እኛ አስተማሪዎች እነዚህን ቃላት የመሃይማን፣ የሰነፎች፣ የዱርዬዎች ቋንቋ አድርገን ነው የምናያቸው። ይህ አስተያየት የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ከእንግሊዞቹ የወረስነው ነው። «የገሊቨር ጉዞ»ን የደረሰው ቄስ ጆናታን ስዊፍት ቃል ማሳጠርን እንደ ተላላፊ በሽታ የሚጠላ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1710 «ታትለር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ጊዜው ያመጣቸውን ቁርጥራጭ ቃላት እየዘረዘረ አወገዘ። በተለይ «ሞብ» የምትለውን ቃል ለማስቆም ለዓመታት ሲታገል እንደቆየ ገልጿል። «ሞብ» ማለት ሁከተኛ ሕዝብ ማለት ሲሆን፣ «ሞቢሌ ቩልጉስ» ከሚለው የላቲን ሐረግ ተቆርጣ የቀረች ናት። በ1712 ደግሞ ስዊፍት ለመንግሥቱ ግምጃ ቤት ሹም ለሮበርት ሃርሊ የጻፈውን ደብዳቤ አሳተመ። እንግሊዝኛን የሚያርምና ባለበት የሚያጸና ጉባኤ ይቋቋም ሲል ጠየቀ። በዚያ ደብዳቤ ላይ ካማረረባቸው ነገሮች አንዱ፣ ሰዎች «ዲስተርቤድ» ማለት ሲገባቸው አንዷን ድምፅ ውጠው «ዲስተርብድ» ማለታቸው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል! ዛሬ እኛ በክፍላችን «ዲስተርብድ» በሉ እያልን የምናስተምረው፣ «ዲስተርቤድ» ያለውን ልጅ የምናርመው፣ ያ ስዊፍት ብልሹ ያለውን እንግሊዝኛ ነው። የጠየቀው ጉባኤም አልተቋቋመም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላቱን ሲያወጣ «ሞብ»ን እንደ ማንኛውም ቃል አስገባት። በመቅድሙም ላይ፣ ቋንቋን እንደ ሬሳ አድርቆ ለማቆየት የሚያስብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ሊሳቅበት እንደሚገባ ተናገረ።

ሌላም ልጨምር። በመጀመሪያው መጽሐፋችን ላይ ሰዓት ስንቆጥር «ኦክሎክ» እያልን ስንት ትውልድ አስጮኽን! «ኦክሎክ» «ኦቭ ዘ ክሎክ» ከሚለው የተቆረጠ ነው። ተማሪዎቻችን ሴት አስተማሪን «ሚስ» ይላሉ፤ «ሚስትረስ» ከሚለው የተቆረጠ ነው። ስንለያይ የምንለው «ጉድባይ»፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን የሚለው የእንግሊዝኛ ምርቃት በዘመናት ብዛት አልቆ የቀረ ፍርፋሪ ነው። «ባስ» የምንለው መኪና «ኦምኒባስ» ከሚለው፣ ለሁሉም ከሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የተረፈ ጅራት ነው። ጭንቅላቱ ተቆርጦ ጅራቱ ብቻ መንገደኛ ይጭናል። «ኦኬ» የምትለውንና ዛሬ በዓለም ዙሪያ የማትሰማበት ቦታ የሌለችውን ቃል ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1839 አንድ የቦስተን ጋዜጣ ነው በቀልድ ያተማት። በጊዜው ቃላትን ሆን ብሎ አሳስቶ መጻፍና ማሳጠር ፋሽን ነበር፤ «ኦኬ»ም «ኦል ኮሬክት» የሚለው በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ሲያጥር የመጣ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ የተቆረጠ ቃል በነጭ ጠመኔ በሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ከርመን፣ «ጎና» ላይ ስንደርስ ለቋንቋው ንጽሕና ዘብ መቆማችን ምን ይባላል?

«አይ፣ ስንፍና ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ብዙ እጅ የነካው ሳንቲም ፊቱ እንደሚልስ ሁሉ፣ ብዙ አፍ የነካው ቃልም ያልቃል። ለዚህ ነው የሚያጥሩት በየደቂቃው የምንጠራቸው ቃላት እንጂ በዓመት አንድ ጊዜ የምናነሳቸው ያልሆኑት። እንግሊዝኛ ደግሞ በጠባዩ ቁም ነገሩን የያዘውን ቃል አጉልቶ፣ አጋዥ ቃላቱን በመሐል ዋጥ ዋጥ አድርጎ የሚሄድ ቋንቋ ነው። የእኛ ፊደል እያንዳንዷን ድምፅ በየራሷ ቤት አስቀምጦ ስላስለመደን፣ ጆሯችን ሁሉም ቃል እኩል ጎልቶ እንዲነገረው ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሳይመጣ ሲቀር ተናጋሪው የተበላሸ ይመስለዋል።

ደግሞም ይህ ማሳጠር ልቅ አይደለም፤ ሕግ አለው። «አይም ጎዊንግ ቱ ስሊፕ» ማለት ልተኛ ነው ማለት ነው፤ ይህ «አይም ጎና ስሊፕ» መሆን ይችላል። «አይም ጎዊንግ ቱ ሐረር» ማለት ግን ወደ ሐረር እየሄድኩ ነው ማለት ነው፤ ይህን «አይም ጎና ሐረር» የሚል እንግሊዝኛ ተናጋሪ አታገኝም። ማንም መጽሐፍ አላስተማረውም፤ የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ አይሳሳተውም። «ጎና» ወደፊት የሚሆነውን ነገር ያመለክታል እንጂ የእግር ጉዞን አያመለክትም። «ዋና»ም እንዲሁ ነው። ማንን ማሸነፍ ትፈልጋለህ ለማለት «ዋና» ሊመጣ ይችላል። ማን እንዲያሸንፍ ትፈልጋለህ ለማለት ሲሆን ግን አብዛኞቹ ተናጋሪዎች አያሳጥሩትም። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ልዩነት የሚጠብቅ አነጋገር የመሃይም ነው ካልን፣ ያ መሃይም ከእኛ ይልቅ ሰዋስው ያውቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአማርኛችን ላይ ያለውን ብናይ ኖሮ በእንግሊዝኛው አንፈርድም ነበር። በሰላምታ ላይ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለውን ቃል በቃል፣ ፊደል በፊደል የሚል ማን አለ? «እግዜር ይስጥልኝ» ነው የምንለው። «ቤተ ክርስቲያን» እንጽፋለን፤ «ቤተስኪያን» ደርሰን እንመጣለን። «ምን ዓይነት» እንጽፋለን፤ «ምናይነት» እንላለን። ወያላው አራት ኪሎን ሲጠራ ስንቱን ድምፅ ዋጥ እንደሚያደርግ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ግን ሳይገባው ቀርቶ መርካቶ አልወረደም።

ይህ የአፍ ነው፣ የጽሑፉ አማርኛ ግን ንጹሕ ነው የሚል ካለ ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጠይቀው። «እመጣለሁ» የሚለው ቃል ስንት ቃል ነው? ሁለት ነው፤ «እመጣ» እና «አለሁ»። «ትመጣለህ» «ትመጣ» እና «አለህ» ነው። «መጥቻለሁ» «መጥቼ» እና «አለሁ» ነው። በአሉታ «አልመጣም» ስንል ያ ተለጣፊ «አለሁ» ብን ብሎ ይጠፋል፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለጠፈ ለመሆኑ ምስክሩ ይኸው ነው። እንግዲህ በአዋጅ፣ በመዝገብ፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ የምንጽፋቸው ግሶች የአያቶቻችን «ጎና»ዎች ናቸው ማለት ነው። አማርኛ የግእዝ ልጅ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ግእዝ «ሰምዐ» የሚለውን እኛ «ሰማ»፣ «በልዐ» የሚለውን «በላ»፣ «መጽአ» የሚለውን «መጣ» ማለታችን ቃል በአፍ ውስጥ እንደሚያልቅ ያሳያል። አንድም ሰው ግን «በላ» ያለውን ልጅ «በልዐ» በል ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሲሰርዝበት አላየሁም።

ታዲያ ጥላቻው ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ከቃሉ ሳይሆን ከተናጋሪው ነው። «ኤይንት» የምትባለውን ቃል ታሪክ እንይ። ይህች ቃል በ18ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ ባላባቶችም አፍ የምትገኝ ነበረች። በኋላ የድሆችና የሠራተኞች መለያ ተደርጋ ስትቆጠር ተኮነነች። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የታተመው ሦስተኛው የዌብስተር ታላቅ መዝገበ ቃላት፣ ብዙዎች ቢነቅፏትም በየቦታው የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ በንግግራቸው ይጠቀሙባታል ብሎ እውነቱን ቢጽፍ፣ ጋዜጦቹ ተነሱበት። «ኒውዮርክ ታይምስ» በርዕሰ አንቀጹ ነቀፈው። መዝገበ ቃላቱ የተናገረው ጆሮ የሰማውን ብቻ ነበር፤ የተፈረደበት ግን ቋንቋ እንዳጠፋ ሆኖ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። የጥቁር አሜሪካውያን እንግሊዝኛ ከቃል ማሳጠር አልፎ የራሱ ሙሉ ሥርዓት ያለው አነጋገር ነው። በሚሺጋን ግዛት በአን አርበር ከተማ የጥቁር ድሆች ልጆች ወላጆች ትምህርት ቤቱን ከሰሱ፤ ልጆቻችን በአነጋገራቸው የተነሳ እንደ ደካማ ተቆጠሩ ሲሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳኛው ቻርለስ ጆይነር ለልጆቹ ፈረዱ። መንገድ የዘጋው የልጆቹ አነጋገር ብቻውን አልነበረም፤ አስተማሪዎች ያንን አነጋገር ሳያውቁና ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ መቅረታቸው ነበር። ይህን ሳነብ ከገጠር የመጣውን ልጅ በአነጋገሩ የሳቅንበትን የራሳችንን ክፍል አስታወስኩ። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ እጁን አውጥቶ እንዳልጠየቀ ማን አስተዋለ?

የተቃዋሚዎቼን ክርክር ሳልመልስ አላልፍም። አንደኛው፣ «ተማሪው ይህን ካወቀ በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፈዋል» የሚል ነው። ሰው ቤቱ ጋቢ ለብሶ ይቀመጣል፤ ለቢሮ ሱፍ ይለብሳል። ጋቢ የለበሰ ሁሉ ቢሮ በጋቢ ይመጣል ብሎ ጋቢን የከለከለ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ለልጁ ልብሱንም ቦታውንም አብሮ ማሳየት ነው። «ጎና»ን ለሥራ ማመልከቻ የሚጽፍ ልጅ ቃሉን ስላወቀ አይደለም የሚሳሳተው፤ የቃሉን ቦታ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው ክርክር፣ «መጀመሪያ ሙሉውን ይወቁ፤ አጭሩን በኋላ ይደርሱበታል» የሚል ነው። በግማሹ እስማማለሁ። ሙሉውን ያላወቀ ሰው አጭሩን መፍታት አይችልም። ነገር ግን ያ «በኋላ» የሚሉት መቼ ነው? የእህቴ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቀች፤ «በኋላ» የመጣው በሽማግሌው አልጋ አጠገብ ነው። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የነበረው ብሔራዊ ፈተና በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ነበር፤ ጆሮን የሚፈትን አንድም ጥያቄ አላየሁበትም። የማይፈተን ነገር ደግሞ አይማሩትም፤ አያስተምሩትምም።

የዚህን ውጤት ያየሁት በራሴ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የፕላዝማ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ የተማሪዎቼን ፊት አይ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፤ መልሱን ራሱ ይመልሳል። ልጆቹ የመጀመሪያውን ቃል ለመያዝ ሲሞክሩ አምስተኛው ያልፋቸዋል። ብዙ ሰው ያኔ ጥፋቱን በፍጥነቱ ላይ አደረገ፤ ትክክልም ነበር። እኔ ግን በሆዴ የማውቀው ሌላ ጥፋት ነበር፦ ከዚያ ቀን በፊት እነዚያ ልጆች የሚሰሙት እንግሊዝኛ፣ እኔ እየቆራረስኩና እየደጋገምኩ የምሰጣቸው ብቻ ነበር። ወንዝ ሳያሳዩ ዋና አስተምሬያለሁ እንደማለት ነው።

በሌላው ወገን የተሰለፉትን ደግሞ ዝም ብዬ ካለፍኳቸው ፍርዴ ይጓደላል። በየኤፍኤም ሬዲዮው፣ በየካፌው «ጎና» እና «ዋና»ን በአማርኛው መሐል የሚረጩ ወጣቶች አሉ። ቃሉን የሚፈልጉት ለማስረዳት አይደለም፤ አሜሪካ ደርሶ የተመለሰ ሰው ለመምሰል ነው። ከእነዚህ አንዱን አንድ ገጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍ ብትለው ላብ ያጠምቀዋል። ለእነሱ የምለው አጭር ነው። አሜሪካዊው «ጎና» የሚለው ሳያስበው ነው፤ አንተ የምትለው አስበህበት ነው። ቃል ያጠረው እንዲቀል ነበር፤ አንተ ግን ጌጥ አድርገህ አከበድከው። እኔ የምጠይቀው ልጆቻችን እነዚህን ቃላት እንዲሰሙ ነው። መናገሩ፣ የሚመጣ ከሆነ፣ ከኑሮ ጋር በራሱ ይመጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አዲስ መጽሐፍ ይታተም፣ ኮሚቴ ይቋቋም አልልም። ተማሪው በብዛት የሚያጋጥሙት አጫጭር ቃላት ሁለት ደርዘን እንኳ አይሞሉም። አስተማሪው በሳምንት ዐሥር ደቂቃ ይመድብ። «ጎዊንግ ቱ» ብሎ ቀስ አድርጎ ያንብብ፤ ከዚያ «ጎና» ብሎ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይድገመው። ልጆቹ የሰሙትን ሙሉ አድርገው ይጻፉት። «ሙሉውን ጻፉ፣ አጭሩን ስሙ» ይበላቸው። አነጋገሩን የማይደፍር አስተማሪ ከስልኩ ላይ አንድ አጭር ንግግር ከፍቶ ያሰማ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ «እኔም ይህን አላውቀውም ነበር፤ አብረን እንስማ» ለማለት የሚያበቃ ትሕትና ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ለሠላሳ ዓመት ያህል የያዘኝ የዚህ ትሕትና ማጣት ነው። «ጎና»ን የሰረዝኩት ስለተሳሳተ አልነበረም፤ ተማሪው የሰማውን እኔ ስላልሰማሁት ነበር።

የእህቴ ልጅ ከሥራዋ አልተባረረችም። ሽማግሌውም በማግስቱ ሲያይዋት ፊታቸውን አላዞሩባትም፤ እንደውም ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው የሚያናግሯት እሳቸው ሆኑ። በቅርቡ ደውላልኝ ስናወራ፣ እዚያው ቤት አዲስ የተቀጠሩ ሁለት የአገሯ ልጆች መምጣታቸውን ነገረችኝ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። በግራ በኩል ቃሉ እንደሚሰማው ሆኖ በእኛው ፊደል ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል ትርጉሙ አለ። ወረቀቱ እንዴት እንደሚጀምር ጠየቅኋት።

«ጋታ ጎ፦ ሽንት ቤት ውሰጂኝ» ብላ አነበበችልኝ።

ይህ ወረቀት እኔ በሠላሳ ዓመት ያላዘጋጀሁት መጽሐፍ ነው። ዛሬም በክፍል ውስጥ ቆማችሁ ቀይ እስክሪብቶ የያዛችሁ ባልደረቦቼ፣ ልጆቻችሁ ወደዚያ አልጋ አጠገብ ሳይደርሱ በፊት ወረቀቱን እናንተ ስጧቸው።